ለሚሞተው ልጅ የቆመ ሐኪም

እ.ኤ.አ. በጁን 1966 ማብቂያ፣ ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ በሚገኘው ማይሞኒደስ ሆስፒታል፣ ዶ/ር አድሪያን ካንትሮዊትዝ በሰው ልጅ ላይ ተሠርቶ የማያውቅ ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉ ተሰናድተው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጉዳዩ የሁለት ሕፃናት ነው። የአንዱ ልብ ከተፈጥሮው የተበላሸ በመሆኑ ካልተለወጠለት የመኖር ተስፋ የለውም። ሌላው አብዛኛው የአንጎሉ ክፍልና የራስ ቅሉ ሳይፈጠር የተወለደ ነው፤ የትኛውም ሕክምና አያተርፈውም፤ ልቡ ግን ደህና ነው። ካንትሮዊትዝ ይህን ልብ እየመታ ሳለ አውጥተው ለሌላው ሊተክሉት አሰቡ። አብረዋቸው የሚሠሩ ከፍተኛ ሐኪሞች ግን አሻፈረን አሉ። ልቡ በራሱ ጊዜ እስኪቆም ድረስ ሕፃኑን ማንም አይነካውም ብለው ጸኑ። ተጠበቀ፤ ልቡ ቆመ፤ ከቆመ በኋላ ግን ዳግም ሊነሣ አልቻለም። ንቅለ ተከላው ሳይደረግ ቀረ።

ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1967፣ ዶ/ር ክርስቲያን ባርናርድ ኬፕታውን ላይ የመጀመሪያውን ከሰው ወደ ሰው የሆነ የልብ ንቅለ ተከላ አደረጉ። ካንትሮዊትዝም በሦስተኛው ቀን እንደገና ሞከሩ፤ ልቡ የተተከለለት ጨቅላ ከስድስት ሰዓት ተኩል ያህል በላይ አልቆየም። ዓለም የባርናርድን ስም ይዞ ቀረ። እኔን ከዚያ ዘመን ይበልጥ የሚገርሙኝ ግን በ1966 እምቢ ያሉት የብሩክሊን ሐኪሞች ናቸው። በዓለም የመጀመሪያ የመሆን ዕድል ደጃቸው ቆሞ ሳለ፣ አፍ የሌለውን፣ የመዳን ተስፋም የሌለውን ሕፃን ወገን ያዙ።

ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት ያህል ሆኖታል። የንቅለ ተከላ ሕክምና ያን ጊዜ ማንም ያላለመው ደረጃ ደርሷል። ጥያቄው ግን ዛሬም በየሆስፒታሉ የሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል ይነሣል። አካሉ ለሌላ ሊተርፍ የሚችል ልጅ ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ፣ የሚሰጠው ሕክምና ለማን ተብሎ ነው? የእኔ መልስ አጭር ነው። ልጁ እስኪሞት ድረስ እያንዳንዱ መርፌ፣ እያንዳንዱ ምርመራና እያንዳንዱ ሰዓት የእርሱ ነው። መልሱ አጭር ይሁን እንጂ እዚያ ለመድረስ ሕክምናው የሄደበት መንገድ ረጅምና የሚያም ነው።

በመጀመሪያ የሚጠብቁትን ልጆች ማየት ይገባል፤ እነርሱን ሳያዩ ስለዚህ ጉዳይ መናገር ጭካኔ ነው። አሜሪካ ውስጥ አካል ከሚጠብቁት ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ልጆች 2 ሺህ ገደማ ናቸው። ከአዋቂዎቹ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ቁጥር ነው፤ ችግራቸው ግን ይከፋል፤ ምክንያቱም አካሉ በልካቸው መሆን አለበት። ለኩላሊት መላ አይጠፋም፤ የአዋቂ ኩላሊት ለትንሽ ልጅም ሊተከል ይችላል። ለጉበትም እንዲሁ ነው፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአንድ አዋቂ ጉበት ለሁለት ተከፍሎ ትንሹ ለልጅ፣ ትልቁ ለአዋቂ ይሰጣል፤ እናት ወይም አባትም ከጉበታቸው ከፍለው ለልጃቸው መስጠት ይችላሉ። ልብ ግን አይከፈልም። ለጨቅላ ደረት የሚሆን ልብ ከሌላ ሕፃን በስተቀር ከየትም አይመጣም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በካናዳ ቶሮንቶ ዶ/ር ሎሪ ዌስትና ባልደረቦቻቸው፣ የጨቅላዎች የሰውነት መከላከያ ገና ያልጠነከረ በመሆኑ የደም ዓይነቱ የማይገጥም ልብ እንኳ ሊቀበሉ እንደሚችሉ አሳይተዋል። በርሊን ኸርት የተባለው ከሰውነት ውጪ ሆኖ የልብን ሥራ የሚያግዝ ፓምፕም በ2011 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። የመጀመሪያው የተገኘው ልብ ለብዙ ልጆች እንዲሆን ያደርጋል፣ ሁለተኛው የመጠበቂያ ጊዜ ይጨምራል፤ አዲስ ልብ ግን አያስገኙም። አንዱ ሕፃን እንዲኖር ሌላ ሕፃን መሞቱ የግድ ነው፤ ይህን እውነት ማለዘብ አይቻልም።

ስለዚህ ሞቱ በምን እንደሚታወቅ መወሰን ነበረበት። በ1968 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በዶ/ር ሄንሪ ቢቸር የተመራ ኮሚቴ፣ መሣሪያ ደረቱን ከፍ ዝቅ ቢያደርገውም፣ ልቡ ቢመታም፣ አንጎሉ እስከ መጨረሻው ሥራውን ያቆመ ሰው ሞቷል እንዲባል ሐሳብ አቀረበ፤ ይህም የአንጎል ሞት ይባላል። በ1981 ይህ ሐሳብ በመላው አሜሪካ ግዛቶች እንዲሠራበት በተዘጋጀ የሕግ ረቂቅ ውስጥ ገባ። ያኔውኑ አብሮ የወጣው የሕክምና መመሪያ ግን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይ ጥንቃቄ ይደረግ አለ። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው። የልጅ አንጎል የደረሰበትን ጉዳት ተቋቁሞ የመነሣት አቅሙ ከአዋቂ እንደሚሻል ይታመን ነበር። እርግብግቢቱ ገና ያልገጠመ ጨቅላም አንጎሉ ሲያብጥ በራስ ቅሉ ውስጥ ያለው ግፊት እንደ አዋቂ አይጨምርም፤ በአዋቂ ላይ አስተማማኝ የሆነ ምልክት በእርሱ ላይ ሊያሳስት ይችላል።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የወጡት መመሪያዎች ሁሉ ለልጆች ጊዜ የሚሰጡ ናቸው። የ1987ቱ ዕድሜው ሰባት ቀን ላልሞላው ሕፃን የአንጎል ሞት መመዘኛ አላወጣም፤ ከሰባት ቀን እስከ ሁለት ወር ላለው ደግሞ በ48 ሰዓት የተራራቁ ሁለት ምርመራዎች ከአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ ጋር እንዲደረጉ አዘዘ። በ2011 ይህ ተሻሽሎ፣ ጊዜው ደርሶ ለተወለደ ጨቅላ እስከ 30 ቀን ዕድሜው በሁለቱ ምርመራዎች መካከል 24 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ላሉ ልጆች 12 ሰዓት ሆነ። በ2023 የልጆችና የአዋቂዎች መመሪያ አንድ ላይ ሲጠቃለል፣ ልቡ ቆሞ በተመለሰ ወይም ኦክስጅን ባጣ ልጅ ላይ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው ጊዜ ሁለት ዓመት ላልሞላው 48 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 24 ሰዓት ተባለ። ከዚያ ሁለት የተለያዩ ሐኪሞች፣ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ልጁን ከራስ እስከ እግሩ ይመረምሩታል። የጉዳቱ ምክንያት መታወቅ አለበት፤ የሰውነቱ ሙቀት ትክክል መሆን አለበት፤ የሰጡት የማስተኛ መድኃኒት ከሰውነቱ መውጣቱ መረጋገጥ አለበት። ብርሃን ለዓይኑ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ለጆሮው፣ ቱቦ ለጉሮሮው ተሞክሮ ምንም መልስ ሲጠፋ፣ መጨረሻ ላይ ኦክስጅን እየተሰጠው የመተንፈሻ መሣሪያው ግፊት ይቋረጣል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጤነኛ ሰው አየር ሳይስብ ሊውል ከማይችልበት ልክ ሲያልፍ ደረቱ አንድ ጊዜ እንኳ ይነቃነቅ እንደሆነ ይታያል።

በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ የልጁ አካል ሊበላሽ ይችላል። የሚጠብቀው ሌላ ልጅ በዚሁ ሰዓት ሊሞት ይችላል። ቢሆንም ሰዓቱ አይቆረጥም። ትክክልም ነው።

በሕይወትና በሞት መካከል ያለውን ይህን መስመር ለማንቀሳቀስ የተደረገው ትልቁ ሙከራ በካሊፎርኒያ፣ በሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ዶ/ር ሊናርድ ቤይሊ በኦክቶበር 1984 ለአንዲት ጨቅላ የዝንጀሮ ልብ ተክለው በዓለም ዙሪያ ውዝግብ አስነሥተዋል፤ ሕፃኗ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ኖራ ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት ከሰው የተገኘ ልብ ለጨቅላ ተክለው ተሳካላቸው። በኦክቶበር 1987 ደግሞ፣ አብዛኛው አንጎሏ ሳይፈጠር ከተወለደች የካናዳ ሕፃን የተገኘ ልብ፣ ከተወለደ ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሆነው ልጅ ተተከለ። ዜናው ሲሰማ፣ ልጃቸው በዚህ ዓይነት ጉድለት እንደሚወለድ በእርግዝና ወቅት የተነገራቸው ወላጆች ሐኪሞቹን መማጠን ጀመሩ። ከማይቀረው ሐዘናቸው አንድ በጎ ነገር እንዲወጣ ነበር ልመናቸው። ይህን ልመና ያሰሙ እናትና አባት ላይ ድንጋይ የሚወረውር ሰው አለ ብዬ አላምንም።

ችግሩ የሕክምና ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን የአንጎል ግንዱ ስላለው በራሱ ይተነፍሳል፣ ይጠባል፣ ያለቅሳል፤ ስለዚህ በአንጎል ሞት መመዘኛ አልሞተም። በተለመደው አሠራር ይታቀፋል፣ ይሞቃል፣ ከሕመም ይጠበቃል፤ ከዚያ ትንፋሹ ቀስ በቀስ እየደከመ ይሞታል። በዚያ አዝጋሚ ድካም ግን ልቡና ኩላሊቱ ኦክስጅን እያጡ ይጎዳሉ። የሎማ ሊንዳ ሐኪሞች ከ1987 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ነገር ሞከሩ። ለዐሥራ ሁለት እንደዚህ ያሉ ሕፃናት እስከ አንድ ሳምንት ድረስ ፅኑ ሕክምና ሰጡ። ለግማሾቹ ከውልደታቸው ጀምሮ፣ ለግማሾቹ ደግሞ ሊሞቱ ሲቃረቡ ነበር። ዓላማው አካላቸው ሳይጎዳ የአንጎል ግንዳቸው ሞቶ እንዲገኝ ነው።

ውጤቱ በ1989 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። ከዐሥራ ሁለቱ የአንጎል ሞት መመዘኛን ያሟሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከአንዳቸውም ለንቅለ ተከላ የሚሆን ልብ፣ ጉበት ወይም ኩላሊት አልተወሰደም። ከውልደታቸው ጀምሮ ፅኑ ሕክምና የተሰጣቸው ሕፃናት አካላቸው ደህና ሆኖ ቆየ፤ ነገር ግን ያው አካላቸውን ያቆየው ሕክምና የአንጎል ግንዳቸውንም አቆየው። ሊሞቱ እስኪቃረቡ የተጠበቁት ደግሞ ሕክምናው ሲደርስላቸው አካላቸው ተጎድቶ ነበር። ሥራው በ1988 ተቋረጠ።

ከዚህ ሙከራ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ቁጥሩ አይደለም። ሙከራው እየተካሄደ ሳለ ከሌሎች ሆስፒታሎች የሚደውሉ ሐኪሞች፣ ጉድለታቸው ከዚህ የቀለለ፣ ሊኖሩ የሚችሉ ሕፃናትን ጭምር ለለጋሽነት ማቅረብ ጀምረው ነበር። የሎማ ሊንዳ ሐኪሞች ራሳቸው ይህን በይፋ ተናግረዋል፤ ሥራውን ለማቆም ካበቋቸው ነገሮችም አንዱ ነው። እነዚያ ደዋዮች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንድ ጊዜ ሕያው ሕፃን ለሌላ ሕፃን ሲባል መሣሪያ ላይ ሊደረግ ይችላል ከተባለ፣ የቱ ሕፃን የሚለው ጥያቄ ከሐኪም ወደ ሐኪም መንሸራተቱ አይቀርም።

ጥያቄው ወደ ፍርድ ቤትም ሄዷል። በማርች 1992 ፍሎሪዳ ውስጥ ሕፃናቸው በዚሁ ጉድለት የተወለደችባቸው ወላጆች፣ አካሏ ሳይበላሽ ለሌሎች እንዲሰጥ በሕይወት ሳለች እንደሞተች እንድትቆጠር ጠየቁ። ዳኛው አልፈቀዱም። ሕፃኗ በዘጠነኛው ቀን ገደማ ሞተች፤ በዚያን ጊዜ አካሏ ለማንም የሚሆን አልነበረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለእነዚህ ሕፃናት ሲባል የሞትን ትርጉም አልለውጥም አለ። በ1995 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የሥነ ምግባር ምክር ቤት በአንጻሩ የእነዚህን ሕፃናት አካል በሕይወት ሳሉ መስጠት ይፈቀዳል የሚል አቋም ቢያወጣም፣ ከራሱ አባላት ጭምር ተቃውሞ ሲበረታበት በዚያው ዓመት ማብቂያ አነሣው።

የልገሳ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሐኪሞች ልጁን ትተው ወደ አካሉ የሚዞሩበትን ሰዓት ነው። በአልጋው አጠገብ ያለው እውነት ግን ከዚህ ይለያል። ልጁ በሕይወት ሳለ የደም ግፊቱን ማስተካከል፣ ኦክስጅን እንዳይጎድልበት መጠበቅ፣ በደሙ ያለውን የጨው መጠን መከታተል፣ ኢንፌክሽንን መከላከል ለልጁ ለራሱ የሚደረጉ ናቸው፤ አንጎሉ የመዳን ዕድል ካለው የሚድነው በእነዚህ ነው። እነዚሁ ነገሮች ልቡንና ኩላሊቱንም ይጠብቃሉ። ስለዚህ ጥሩ የልጆች ሐኪም፣ ስለ ልገሳ አንድ ጊዜም ሳያስብ፣ ሥራውን በሚገባ በመሥራቱ ብቻ ሌላውን ልጅም ጠቅሟል። ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ጭንቁም ሁሉ ያለው በእነዚያ ላይ ነው።

ሞቱ ከታወጀና ወላጆች ከፈቀዱ በኋላ የሚሠራው ሥራ ከባድ ነው። አንጎል ሲሞት መጀመሪያ አድሬናሊን በደም ውስጥ ይጎርፋል፤ የደም ግፊት ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ልብ ይጎዳል፤ ከዚያ ግፊቱ ይወድቃል። አንጎል ሥር ያለችው ትንሽ ዕጢ ሽንትን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን መላክ ታቆማለች፤ ሽንቱ እንደ ውሃ እየቀጠነ በብዛት ይወርዳል፣ ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይጨምራል፣ ያም ጉበቱን ይጎዳል። ሰውነቱ ሙቀቱን መጠበቅ ያቅተዋል። ነርሷ በየሰዓቱ የወጣውን ሽንት ትለካለች፣ የጎደለውን ፈሳሽ ትተካለች፤ ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን በጠብታ ይሰጣል፤ እንደ ሁኔታው የታይሮይድ ሆርሞንና ስቴሮይድ ይታከልበታል። ሳንባው እንዳይለጠጥ የመሣሪያው ግፊት በጥንቃቄ ይመጠናል። ይህ ሁሉ በልጅ ላይ ሲሆን በኪሎ ተሰልቶ ነው፤ ለላቦራቶሪ የሚቀዳው ደም እንኳ ከትንሽ ሰውነት እንዳይበዛ ይቆጠራል። ይህ አንድ ቀን ሙሉ ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። የሚሠሩትም አብዛኛውን ጊዜ ልጁ በሕይወት ሳለ ሲያስታምሙት የነበሩት እነዚያው ነርሶች ናቸው። ትናንት እንዲድን የታገሉለትን ልጅ ዛሬ ሞቱን አውቀው እያጠቡና ስሙን እየጠሩ የሚያገለግሉ ሰዎች ያለባቸው ሸክም በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ተገቢ ቦታውን አላገኘም።

የአሜሪካ ሕግ ልጁን የሚያክሙትንና አካሉን የሚወስዱትን ወገኖች ለመለየት ሞክሯል። ሞቱን ያረጋገጠ ሐኪም አካሉን በማውጣትም ሆነ በመትከል ሥራ ላይ መሳተፍ አይችልም። ከ1998 ጀምሮ ሆስፒታሎች ሞቱ የተቃረበን ሰው ሁሉ ለአካባቢው የአካል ልገሳ ድርጅት ማሳወቅ ግዴታቸው ነው፤ ወላጆችን የሚያነጋግረውም የድርጅቱ ሠራተኛ ወይም ለዚሁ የሠለጠነ ሰው እንጂ ልጁን የሚያክመው ሐኪም ብቻውን አይደለም። ዓላማው አንድ ነው፤ ልጅዎ አይድንም የሚለውና አካሉን ይስጡን የሚለው ከአንድ አፍ እንዳይወጡ። የእኔ ምኞት በሁለቱ መካከል ጊዜ እንዲኖርም ነው። የልጁን ሞት ገና ያልዋጠ አባት ፊት ቅጽ ማቅረብ ሕግ ቢፈቅደውም ግፍ ነው።

መስመሩ ዛሬ በጣም የሚቀጥነው የአንጎል ሞት በሌለበት ልገሳ ላይ ነው። ልጁ ክፉኛ ተጎድቷል፤ አንጎሉ ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ወላጆች ከሐኪሞች ጋር መክረው መሣሪያው እንዲነሣለት ይወስናሉ። ይህ ውሳኔ ካለቀ በኋላ፣ ከእርሱ ተለይቶ፣ ስለ ልገሳ ይጠየቃሉ። ከፈቀዱ መሣሪያው ይነሣል፤ ልቡ ይቆማል፤ በራሱ እንደማይመለስ ለማረጋገጥ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቃሉ፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምናው ይጀመራል። ልቡ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ውስጥ ካልቆመ ልገሳው ይቀራል፤ ልጁ ወደ ክፍሉ ተመልሶ እስኪያርፍ ድረስ ሕመሙን በሚያስታግስ እንክብካቤ ይቆያል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ያስጨንቁኛል። አንደኛው ሄፓሪን ነው። አካሉ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ይህ ደም ማቅጠኛ ልጁ በሕይወት ሳለ በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ይሰጣል፤ ለልጁ ግን ምንም አይጠቅመውም። በብሪታንያ አይፈቀድም። በአሜሪካም ሊሰጥ የሚገባው ወላጆች ለራሱ ለመድኃኒቱ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ለልጁም ምንም እንደማያደርግለት በግልጽ ሲነገራቸው ብቻ ነው ባይ ነኝ፤ ልጁ የደም መፍሰስ ካለበት ግን ወላጅ ቢፈቅድም መሰጠት የለበትም።

ሁለተኛው ደቂቃው ነው። በኦገስት 2008 ዴንቨር የሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች በዚህ መንገድ ስለተደረጉ ሦስት የጨቅላ ልብ ንቅለ ተከላዎች አሳወቁ። ሦስቱም ተቀባዮች በስድስተኛው ወር በሕይወት ነበሩ። ለመጀመሪያው ለጋሽ ልቡ ከቆመ በኋላ ሦስት ደቂቃ ተጠብቋል። ለሁለቱ ግን የተጠበቀው 75 ሰከንድ ነው። የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ምክንያት ነበረው፤ ከ60 ሰከንድ በላይ ቆሞ በራሱ የተመለሰ ልብ አልታየም የሚል። የሥነ ምግባር ሊቁ ሮበርት ቪች ወዲያው ተቃወሙ፤ በሌላ ደረት ውስጥ ተመልሶ የመታ ልብ ላይመለስ ቆሟል እንዴት ይባላል አሉ። ይህ የፍልስፍና ክርክር እስካሁን አልተቋጨም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ከሦስት ደቂቃ ወደ 75 ሰከንድ የተወረደው ስለሚሞተው ሕፃን ብቻ በታሰበ ምክንያት አልነበረም፤ የሚጠቀመው የሚወጣው ልብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ከሆስፒታል ሆስፒታል ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ በብሪታንያ አምስት፣ በጣሊያን ሃያ ደቂቃ ነው። አንድ ልጅ በሞተበት ከተማ ምክንያት ብቻ የሞት ሰዓቱ መለያየት የለበትም። ቢያንስ በአንድ አገር ውስጥ፣ ለልጆች፣ ቁጥሩ አንድ መሆን አለበት።

እምነት አንድ ጊዜ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ጃፓን ምስክር ናት። በ1968 ሳፖሮ ላይ ዶ/ር ዋዳ ጁሮ የአገሪቱን የመጀመሪያ የልብ ንቅለ ተከላ አደረጉ። ለጋሹ በእርግጥ ሞቶ ነበር ወይ የሚል ጥርጣሬ ተነሣባቸው፤ ሳይከሰሱ ቢቀሩም ጥርጣሬው ግን አልጠፋም። ለሠላሳ ዓመት ያህል ከአንጎል ሞት የሚገኝ ልብ በጃፓን አልተተከለም። በ1997 ሕግ ወጣ፤ እርሱም ከ15 ዓመት በታች ያሉ ለጋሾችን አልፈቀደም። አዲስ ልብ የሚያስፈልገው የጃፓን ሕፃን ዕድሉ ወላጆቹ በየመንገዱ ገንዘብ አሰባስበው ወደ አሜሪካ መውሰድ ሆነ። ሕጉ በ2009 ተሻሽሎ በ2010 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ የመጀመሪያው ልጅ፣ በ2012 ደግሞ ከስድስት ዓመት በታች የሆነ የመጀመሪያው ልጅ ለጋሽ ሆኑ። በጃፓን ሕግ ውስጥ ሁልጊዜ የማደንቀው አንድ ነገር አለ። ሆስፒታሉ ልጁ በቤቱ ግፍ ተፈጽሞበት እንደሆነ መመርመር አለበት፤ ከተፈጸመበት ልገሳ የለም። ያንገላታው ወላጅ በልጁ አካል ላይ ፈቃድ ሰጪ ሊሆን አይችልም። ይህ ሕግ የሌሎች ልጆችን የመዳን ዕድል እንደሚያጠብ ግልጽ ነው፤ አንድን የተበደለ ልጅ ሞቶም ቢሆን የሚሟገትለት እንዳለ ስለሚናገር ግን ከልቤ አከብረዋለሁ።

አሜሪካም የራሷ ቁስል አላት። በዲሴምበር 2013 ኦክላንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ደም ፈሰሳት፤ በአንጎል ሞት እንደሞተች ተነገረ። ቤተሰቧ አልተቀበለም፤ ክስ መሠረተ፣ ሃይማኖታዊ ተቃውሞን ወደምትቀበለው ኒውጀርሲም ወሰዳት፤ ልቧ እስከ 2018 መታ። እነዚያ ወላጆች ስላልገባቸው ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ጥርጣሬያቸው ከዕለቱ ሐኪሞች ይልቅ ረጅም ታሪክ ያለው ነው እላለሁ፤ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ጥቁር ሕሙማን የደረሰባቸውን የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። በጁላይ 2025 ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ የጤና ባለሥልጣናት ኬንታኪን በሚያገለግል የልገሳ ድርጅት ላይ ያደረጉትን ምርመራ ይፋ አደረጉ። ልገሳው ተፈቅዶ ሳይፈጸም የቀረባቸው 351 ጉዳዮች ተመርምረው በ103ቱ አሳሳቢ ነገር ተገኘ፤ በ73ቱ ልገሳው እንዳይቀጥል ሊያደርግ የሚገባ የነርቭ ምልክት ታይቶ ነበር። ምርመራው ያተኮረው በልጆች ላይ አልነበረም። ነገር ግን ይህን ዜና የሰማ ወላጅ ነገ በልጁ አልጋ አጠገብ ሲጠየቅ ያስታውሰዋል።

ከእነዚያ ወላጆች መካከል የእኛም ሰዎች አሉ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሚኒሶታ፣ በዳላስ፣ በሲያትል ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የመጡት ከሞተ ሰው አካል ተወስዶ ለሌላ ሲተከል ካልለመደ አገር ነው። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተመሠረተው ከዘመድ፣ በሕይወት ካለ ለጋሽ በሚገኝ ኩላሊት ላይ ነው። ደረቱ ከፍ ዝቅ የሚል፣ እጁ የሚሞቅ ልጅ ሞቷል ሲባሉ ግራ ቢጋቡ የሚደንቅ አይደለም፤ ሐኪሞች ራሳቸው ስድሳ ዓመት ተከራክረውበታል።

ስለዚህ መብታቸውን ማወቃቸው ግድ ነው። በአሜሪካ ሆስፒታል የሠለጠነ አስተርጓሚ በነጻ የመጠየቅ መብት አላቸው፤ የሟቹን ታላቅ ወንድም ወይም እኅት፣ ገና ልጅ የሆነውን፣ ለእናትና ለአባቱ እንዲያስተረጉም ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ ከድንገተኛ ሁኔታ በስተቀር ደንቡም አይፈቅደውም። የአንጎል ሞት ምርመራው ሲደረግ በክፍሉ ተገኝተው ለማየት መጠየቅ ይችላሉ፤ ብዙ ሆስፒታሎች ይፈቅዳሉ፤ መሣሪያው ሲቆም የልጃቸው ደረት አለመነቃነቁን በዓይናቸው ማየት ለአንዳንዶች ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ዘመድና የንስሐ አባት እስኪደርሱ ጊዜ እንዲሰጣቸው መለመን አይከብድም። ከፈቀዱም በኋላ የልገሳው ወጪ በእነርሱ ላይ አይመጣም፤ አስከሬኑ ተሰፍቶና ተስተካክሎ ስለሚመለስ ለሥርዓተ ቀብሩ እንቅፋት አይሆንም። ከመፍቀዳቸው በፊት ልጁ በሕይወት ሳለ ለልገሳው ሲባል ብቻ የሚሰጠው መድኃኒት ወይም የሚገባለት ቱቦ አለ ወይ ብለው መጠየቅ አለባቸው። ልቡ ከቆመ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅም እንዲሁ። ሞቱን የሚያረጋግጠው ሐኪም ማን እንደሆነም በስሙ ማወቅ ይገባቸዋል። የሚሰጣቸው መልስ ካልተዋጠላቸው፣ እሺም እምቢም ከማለታቸው በፊት፣ የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲጠራላቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ አብዛኞቹ ትልልቅ የሕፃናት ሆስፒታሎች ይህን ጥያቄ ከቤተሰብ በቀጥታ ይቀበላሉ።